የልጄ የወር አበባ ሲቀር የፈረድኩት ፍርድ

ይህን የምጽፈው ሴት ልጅ ላላቸው አባቶች ነው። የታመመችው ልጄ ማርታ ናት፤ እኔ ሕመሟን ያባስኩባት ሰው ነኝ። ታሪኩን ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል። እሷ ብትጽፈው ትራራልኛለች፤ ርኅራኄዋም እውነቱን ያሳንሰዋል። ከመጀመሬ በፊት ፈቃዷን ጠይቄያታለሁ። «ይጻፉት፤ ግን አያሳምሩት» አለችኝ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ወንጂ፣ ሸንኮራ እርሻው ላይ የሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ የቆራጮቹን ስም እጠራለሁ፤ የመጣውን በጭረት፣ የቀረውን በዜሮ እመዘግባለሁ። አባቴ ከከምባታ መጥቶ ሸንኮራ ሲቆርጥ ያረጀ ሰው ነው። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ የቀረውን በራሴ አነበብኩ። ናዝሬት፣ ዛሬ አዳማ የምንላት ከተማ፣ በሄድኩ ቁጥር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ከሚዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት አንዱን ሳልገዛ አልመለስም ነበር። ንባቡ እውቀት ሰጠኝ፤ ከእውቀቱ የበለጠ ግን ትዕቢት ሰጠኝ። ሰፈሩ ደብዳቤ የሚያጽፈው እኔን፣ የሚያማክረው እኔን። በዚያ ላይ የወንጌል አማኞች ኅብረታችን ሽማግሌ ነበርኩ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ እየተዘዋወርን፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመርን፣ ሲያበቃም ሁለት ሁለት እየሆንን እንበተን ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሽማግሌ የሆነ ሰው ራሱን ከሌላው ይልቅ ጻድቅ አድርጎ ማየት ይቀለዋል።

ማርታ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ክረምቱን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቡልቡላ አካባቢ ለገበሬዎች ፊደል ስታስቆጥር ከርማ በመስከረም ተመለሰች። ቀሚሷ ሰፍቷታል፤ ፊቷ ገርጥቷል። እናቷ አስካለ ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ፣

«ምን ነበር የሚያበሏችሁ?» አለቻት።

«በቆሎ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ቀን ደግሞ የተቀቀለ በቆሎ።»

ሁላችንም ሳቅን። ቤታችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተሳቀው የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነበር።

በሠራተኛ ሰፈር ቤቶቹ የተያያዙ ስለሆኑ የልብስ ማስጫ ሽቦው የጋራ ነው። ሴቶቹ በወር አበባቸው ጊዜ የሚጠቀሙበትን ጨርቅ አጥበው ከአንሶላ ሥር ደብቀው ያሰጡታል። እኛ ወንዶች አናይም። ማለትም እናያለን፤ እንዳላየ ሰው እናልፋለን። አስካለ ያን ጊዜ ትንሹን ልጃችንን ታጠባ ስለነበር የወር አበባዋ ገና አልተመለሰም፤ ከአንሶላው ሥር የሚሰጣው የማርታ ብቻ ነው። መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትም ሊያልቅ ደረሰ፤ ከአንሶላው ሥር ምንም የለም። የቀረ ሰው ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህንንም ሳላስበው ቆጠርኩት።

«ልጅቷ ደህና ናት?» አልኳት አስካለን።

«በምን?»

«በ… በሴት ነገር።»

አስካለ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ከሰኔ ወዲህ አላየችም። ደከመች፤ ከሳች፤ ለዚያ ይሆናል» አለችኝ። እኔ ግን «ከሰኔ ወዲህ» የሚለውን ብቻ ሰማሁ።

መጀመሪያ የሰፈሩ ክሊኒክ ወሰድናት። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ ዓይኗን ገልጦ አየና «ቡልቡላ ከርማ? ወባ ናት» ብሎ ደሟን ሳይመረምር ክሎሮኪን ሰጣት። መድኃኒቱ ሰውነቷን ከማሳከክ በቀር ምንም አልፈየደላትም። ቀጥሎ ብቻዬን ይዣት ናዝሬት ሄድኩ። የት እንደምንሄድ አልነገርኳትም። ሽንቷን ሰጥታ ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ ባለው የነፍሰ ጡሮች ሥዕል ላይ ዓይኗ ሲያርፍ አየሁ። ያን ጊዜ ለምን እንዳመጣኋት ገባት። ወደ እኔ አልዞረችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ውጤቱ «እርግዝና የለም» የሚል ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ላቦራቶሪም ይሳሳታል አልኩ በልቤ።

ለምን እንዳላመንኩ ልንገራችሁ። ቤቴ ያለው የጤና መጽሐፍ የእርግዝና የመጀመሪያ ምልክት የወር አበባ መቅረት ነው ይላል። ትክክል ነው። ነገር ግን አንዱ ምልክት ነው ማለትና ሌላ ምክንያት የለውም ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚያ የሚቀጥለው ገጽ የማሕፀንና የእንቁላል ሥዕል ነበረበት፤ አፍሬ ሳላነበው ገልብጬው ነበር። ያለፍኩት አንድ ገጽ ነው። በዚያ ገጽ ፋንታ የራሴን ፍርድ አስገባሁበት።

አንድ ቅዳሜ እናቷን ወደ ገበያ ልኬ አስቀመጥኳት።

«ማነው?» አልኳት።

«ማን ማነው፣ አባባ?»

«ቡልቡላ ከእናንተ ጋር የዘመተው ማነው?»

«ብዙ ነን። አባባ፣ እኔ ወንድ አላውቅም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«ምኑ?»

ቃሉን ማውጣት አቃተኝ። ለመክሰስ የደፈርኩበትን ነገር በስሙ ለመጥራት አልደፈርኩም። «ምኑ እንደሆነ ታውቂዋለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። አለቀሰች። እንባዋን ጥፋቷን እንዳመነች አድርጌ ወሰድኩት።

አስካለ ስትሰማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አምስት ወር ከሆናት ሆዷ የታል? በቦርሳ ነው የያዘችው?» አለችኝ። «አንቺ ትሸፍኚላታለሽ» ብዬ አፏን ዘጋሁ።

አሁን የምጽፈው ከሁሉ የከበደኝ ነው። በኅብረታችን ሥርዓት በዝሙት የወደቀ ሰው በጉባኤው ፊት ቆሞ ይናዘዛል፤ ለስድስት ወር ከጌታ እራት ይታገዳል። እኔ ሽማግሌ ሆኜ የሌሎችን ልጆች እንዲህ አሳግጃለሁ። የራሴን ልጅ ብደብቅ እግዚአብሔር ይጠይቀኛል አልኩ። እንዲህ አልኩ እንጂ የፈራሁት እግዚአብሔርን አልነበረም፤ ሆዷ ሲገፋ ሰው ቀድሞኝ እንዳያወራ ነው። ኑዛዜውን በራሴ እጅ ጻፍኩት። አጭር ነው፤ ስድስት መስመር። «ይህን ካላነበብሽ ትምህርት የለም፤ እናትሽንም ከኅብረት አስወጣታለሁ» አልኳት። በኅዳር ወር አንድ እሑድ፣ መጋረጃው በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ሃያ የማይሞሉ ሰዎች ፊት ቆማ አነበበችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። በዕድሜ የገፉት እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሲያበቃ ወንድሞች ትከሻዬን እየያዙ «ለራስህ ልጅ እንኳ ያላደላህ ሰው» አሉኝ። ምስጋናው ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ደሟ መጣ። መጣ ብቻ አይደለም፤ አልቆም አለ። መጀመሪያ «ተመስገን» አልኩ፤ ቀጥሎ «አንድ ነገር ወስዳ አስወርዳለች» አልኩ። አምስት ቀን፣ ሳምንት፣ አሥር ቀን ሆነው። አስካለ የአንሶላዎቹን ጠርዝ እየቀደደች ጨርቅ ትሠራላታለች። ደሙ እንደ ጉበት እየረጋ የሚወርድበት ቀን አለ። ማርታ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች፤ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ይጮኻል ትላለች።

«ሆስፒታል እንውሰዳት» አለች አስካለ።

«ምን ብዬ? ልጄ አስወርዳለች ብዬ? ፖሊስ ነው የሚጠሩት።»

«ይጥሩዋ! እስር ቤት ያለ ልጅ ይጠየቃል፤ መቃብር ያለ ምን ይደረጋል?»

እኔ ግን «ይቆማል» አልኩ። ሁለት ሳምንት ሞላው። አንባቢ ሆይ፣ የልጄን ሕይወት ከስሜ ጋር በሚዛን አስቀምጬ ስሜን ያስበለጥኩባቸው ቀናት እነዚህ ናቸው።

ከሥራ ስመለስ ቦኖው ዘንድ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ማርታ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ወድቃለች። ጎረቤታችን አደ ጫልቱ ጭንቅላቷን ታፋቸው ላይ አድርገዋል። ቀሚሷን በጋቢያቸው ሸፍነውላታል።

«ያ አባ ማርታ፣ የማርታ አባት!» አሉኝ ሲያዩኝ። «ይቺ ልጅ ጥፍሯ ነጭ እስኪሆን ምን ስትጠብቅ ነበር? ላም እንኳ ደም ሲፈሳት ሐኪም ይጠራላታል!»

የጭነት መኪና አስቁመው፣ እሷንም አስካለንም እኔንም ራሳቸው አሳፍረው ሸኙን።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለችን ነርስ «ምን ወስዳ ነው?» አለችኝ። አግዳሚው ላይ አሥር ያህል ሰው ተቀምጧል። «እኔ እንጃ። የሚወስዱትን ነው» አልኩ። ሰዉ ሁሉ ወደ ማርታ ዞረ። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ፣ ዓይኗ ተከድኖ ነበር፤ እንደሰማችኝ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ደም ያስፈልጋታል ተባለ። የእኔ ተስማማ፤ ሰጠሁ። ከዚያ ሲሚንቶው አግዳሚ ላይ ስጠብቅ ራሴን አዞረኝ። አጠገቤ ባሏን የምታስታምም የመተሐራ ሴት ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ «ይብሉ አባቴ፤ ደም ሰጥተው ባዶ ሆድ አይሆንም» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ብታውቅ ትሰጠኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ዳቦውን ግን በላሁት።

በማግስቱ ጠሩኝ። ሐኪሙ ኩባዊ ነው፤ አማርኛ ስለማይችል ሲስተር ወርቄ የሚሏቸው ጠና ያሉ ነርስ ያስተረጉሙለታል። እሱ ጥቂት ተናገረ፤ እሳቸው ረጅም ነገር ነገሩኝ።

«ልጅዎ አላስወረደችም። አልጸነሰችምም።»

«ታዲያ አምስት ወር ሙሉ የት ነበር?»

«እሱን እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን፣ ልጅዎን ጠይቀዋት ነበር?»

«ጠይቄያታለሁ።»

«ምን አለችዎት?»

ሲስተሯ መልሱን ጠበቁ። ሐኪሙም ቋንቋው ሳይገባው ጠበቀ። «ወንድ አላውቅም ብላኛለች» አልኩ።

«እንግዲያስ ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር» አሉ ሲስተር ወርቄ።

ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሸንኮራ ላይ ነው የሚሠሩት አሉ። የእኔም ባል የመስኖ ሠራተኛ ነው። ሸንኮራ ከመቆረጡ በፊት ውሃው ምን ይደረጋል?»

«ይቋረጥበታል፤ እንዲበስል።»

«ባይቋረጥስ? ሲጠጣ ቢከርም?»

«ማደጉን አያቆምም። ኋላ ራሱን መሸከም ያቅተውና ይጋደማል፤ ዛሬ አንዱ ወገን፣ ነገ ሌላው።»

«የሴት ማሕፀንም እንደዚያ ነው» አሉኝ። በየወሩ ማሕፀን በውስጡ ንጣፍ ያበቅላል። በመካከሉ ከእንቁላል ዕጢዋ አንዲት እንቁላል ትወጣለች። እንቁላሏ ስትወጣ ሰውነት የሚያመነጨው ቅመም ንጣፉ ማደጉን እንዲያቆምና እንዲበስል ያደርገዋል፤ ውሃውን የሚዘጋው እሱ ነው። ጽንስ ካልተያዘ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ያ ቅመም ይቀንሳል፤ ንጣፉም ባንድ ጊዜ ተጠርጎ ይወርዳል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ያበቃል። የወር አበባ ማለት ይኸው ነው። እንቁላሏ ካልወጣች ግን ውሃውን የሚዘጋ የለም። ንጣፉ ወራት ሙሉ ዝም ብሎ ያድጋል፤ ሴቲቱም ደም አታይም። አንድ ቀን ራሱን መሸከም ሲያቅተው ከዚህም ከዚያም ይፈርሳል፤ የሚያስቆመውም የለም።

«ስለዚህ ደም ቀረ ማለት ሁልጊዜ ጽንስ አይደለም» አሉ። «ደም መጣ ማለትም ሁልጊዜ እንቁላል ወጥታለች ማለት አይደለም። ልጃገረዶች የወር አበባ ካዩ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ይህ ያጋጥማቸዋል። ረሀብና ድካም ሲጨመርበት ይብሳል። በጊዜው ብትመጣ በኪኒን የሚስተካከል ነገር ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም በኪኒን ነው። ግን እንዲህ ያለ ደም ማነስ ይዛ መምጣት አልነበረባትም።»

ኪኒኑን ሲነግሩኝ ፈዘዝኩ፤ ያገቡ ሴቶች ላለመውለድ የሚወስዱት እንክብል ነው። «ይሄንን ለልጃገረድ?» አልኩ። ሲስተሯ ሳቁብኝ። «እንክብሉ ለምን እንደተሰጠ አያውቅም፣ ጋሼ። ለእሷ የሚሠራው ውሃውን መዝጋት ነው።» ፋርማሲ ቆሜ ወረቀቱን ስሰጥ ከኋላዬ ያሉ ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። እስከዚያ ቀን እኔ ስለ ሰው እንሾካሾክ ነበር እንጂ ሰው ስለ እኔ ተንሾካሹኮ አያውቅም።

ደሙ በሁለተኛው ቀን ቀነሰ፤ በአራተኛው ቆመ። ለደሟ የብረት ኪኒን፣ ጎመንና ምስር ታዘዘላት። ቤት ስንመለስ ያን ያለፍኩትን ገጽ አውጥቼ አነበብኩት። ሲስተሯ የነገሩኝ ሁሉ እዚያ አለ፤ ባጭሩ፣ በጥሩ አማርኛ። ዓመት ሙሉ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ማርታ ጥቂት ወራት እንክብሉን ወስዳ ተወችው። የወር አበባዋ መጀመሪያ እየዘለለ፣ ኋላ እየተስተካከለ መጣ። ሲስተር ወርቄ ለእሷ ያስተማሯትን ደግሞ እኔም ኋላ ተምሬዋለሁ፦ የወሩ ርዝመት ከሴት ሴት፣ ከወር ወር ይለያያል፤ የሚረዝመውና የሚያጥረው ግን በአብዛኛው እንቁላል እስክትወጣ ያለው ጊዜ ነው። እንቁላል ከወጣች በኋላ ደም የሚመጣው ሁለት ሳምንት አካባቢ ቆይቶ ነው። እንግዲህ አባቶች፣ ሴት ልጅ በፈረቃ የሚጠራ ሠራተኛ አይደለችም። ዘገየች ብላችሁ ዜሮ አትጻፉባት። የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም ጨርቅ በየሰዓቱ የሚያስቀይር ደም ከፈሰሳት፣ ወይም ራሷን ካዞራትና ልቧ በኃይል ከመታ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። መንገድ ላይም «ማነው?» እያላችሁ አትጠይቋት።

ሕመሙ በዚህ አበቃ። የእኔ ግን አላበቃም።

ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው። ተያዩ። አንዱ፣ «ወንድም ማቴዎስ፣ ጊዜው ክፉ ነው። ሽማግሌዎች ተሳስተው ነበር ከተባለ ጉባኤው ይናወጣል። ቅጣቷን በጸጥታ እናንሳላት» አለኝ። ተስማማሁ። እንዲያውም ቀለለኝ። ቤት ገብቼ የምሥራች እንደያዘ ሰው፣

«ማርታ፣ ቅጣትሽ ተነስቷል» አልኳት።

የትምህርት ቤት መጽሐፏን ዘጋች። «ምን አድርጌ ነበር የተነሣልኝ?»

«ያው… ተነሥቷል ነው የምልሽ።»

«ይቅር ተባልኩ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ አሁንም ሠርታዋለች እያሉ ነው፣ አባባ።»

አስካለ ሕፃኑን አቅፋ ቆማ ነበር። እኔን አላየችኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹን ሳላማክር ተነሥቼ ቆምኩ። ልጄ ኃጢአት እንዳልሠራች፣ የቀረው የወር አበባዋ በሕመም እንደነበር፣ እኔ በደም ውስጥ እንደተውኳት፣ ከዚህ በኋላ ሽማግሌ ልሆን እንደማይገባኝ ተናገርኩ። እትዬ ዘነበች «ጌታ ሆይ!» ብለው ጮኹ፤ ጩኸት ክልክል ነበርና ሌሎቹ አፋቸውን ያዙላቸው። እንደ ልማዳችን ሁለት ሁለት ሆነን ተበተንን። ማርታ አልመጣችም ነበር። ቤት ስደርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ተናገርኩ» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ያንን ወረቀት የጻፉት እርስዎ መሆንዎንም?»

አልተናገርኩም ነበር። ጉባኤው የሚያውቀው ያልሠራችውን ኃጢአት በገዛ አፏ የተናዘዘች ልጅ ነው፤ ይህች ልጅ ለምን ዋሸች ይላል እንጂ ማን አስዋሻት አይልም። ሰዉ ደግሞ ተበትኗል፤ እስከሚቀጥለው እሑድ አይሰበሰብም።

ጫማዬን ሳላወልቅ ተመለስኩ። አሥራ አንድ ቤት ነው፤ ከሰፈሩ ዳር እስከ ዳር። በየበሩ ቆሜ ያንኑ ነገር ተናገርኩ፦ «ኑዛዜውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አስፈራርቼ ነው ያስነበብኳት።» አንዳንዱ ግባ አለኝ። አንዱ በሩን ዘጋብኝ። የመጨረሻው ቤት ትከሻዬን ይዘው ካመሰገኑኝ ወንድሞች የአንዱ ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ ግራ ገባው።

«ምን አስለፈለፈህ፣ ማቴዎስ? ዝም ብትል እኮ ማንም አያውቅም ነበር።»

«ልጄ ታውቃለች» አልኩት።